ሐይቁ ላይ የተመረጠው ሰዓት

ሶዶ ከተማ ውስጥ «ያቺ መምህራኑን ሐይቅ ውስጥ ልታስጨርስ የነበረች» ሲባል ከሰማችሁ፣ የሚወራው ስለ እኔ ነው። ይህን ስም ይዤ ከሃያ ዓመት በላይ ገበያ ወጥቻለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሻለሁ፣ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊት የሚለኝ የለም። እኔ ስገባ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ድንች ዋጋ ይዞራል፤ በዚያ ነው የማውቀው። ስለ ትዳሬም ሆነ ስለ ልጆቼ እዚህ አልጽፍም፤ እሱ የራሴ ነው። የምጽፈው ስለ ሰዓት ነው። ያን ቀን ጀልባው ላይ የማን ሰዓት ልክ እንደነበረ፣ የማን ልክ እንዳልነበረ፣ ይህንንም ማን ያውቅ እንደነበረ። አንብባችሁ ስትጨርሱ የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ ከዚያ በፊት ግን አታቋርጡኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ሐምሌ የመጣ ስልክ ነው። ማርታ ነበረች። ማርታና እኔ አንድ ትምህርት ቤት ሠርተናል፤ እሷ ሒሳብ ታስተምር ነበር፣ እኔ ጽሕፈት ቤት ነበርኩ። «አስቴርዬ፣ ልጄ ምህረት ተመረቀች! እሁድ ድግስ አለን፣ ቀርተሽ ጉድ እንዳታደርጊኝ» አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ፣ ጉልበቴን ያመኛል ልላት አፌን ስከፍት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አቶ ሳሙኤልም ይመጣሉ» አለች። ልታስጠነቅቀኝ ነው። አቶ ሳሙኤል ያኔ ምክትል ርዕሰ መምህራችን የነበረው ሰው ነው። ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ብዬው ልረፍ። እሱ ይገኛል በተባለበት ስንት ሠርግና ስንት ምርቃት እንደቀረሁ አሰብኩ። እሱ በእኔ ምክንያት ከአንዱም ቀርቶ አያውቅም። «እመጣለሁ» አልኳት። «እውነትሽን ነው?» አለች። «ሰዓቱን ብቻ ንገሪኝ።» ሳቀች፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

እሁድ ዕለት በእግሬ ወደ አራዳ ወረድኩ። ዛሬ መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ የባጃጁ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል፣ ወጣቶቹ ሰዓት ስትጠይቋቸው እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። እኔ ግን እዚያ ጥግ ላይ በደረስኩ ቁጥር የሚታየኝ የሰዓት ሻጩ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ጃንጥላውን ከመብራት ምሰሶ ጋር አስሮ፣ ሰዓቶቹን በዘንጎቹ ላይ እንደ ቋንጣ ያንጠለጥላቸው ነበር። ነፋስ ሲነካው ሰዓቶቹ ሁሉ ይወዛወዛሉ። ከጎኑ ካሴት ቤት ነበር፤ በወላይትኛ የተዘመረ መዝሙር ከፍ አድርጎ ይከፍታል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ደግሞ በዘፈን ይመልስለታል፣ በመሃል የጋሪው ፈረስ ቃጭል አለ። ሻይ በሠላሳ ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በሃያ አምስት ሳንቲም የሚበላበት ጊዜ ነበር። እኛ የቢሮ ሴቶች ትከሻው ስፖንጅ የገባበት የሰልባጅ ጃኬትና ሽንሽን ጉርድ እንለብሳለን፤ ወንዶቹ ሱሪያቸው ሰፊ ነው፣ እጅጌያቸው ደግሞ አንድ ዙር ይታጠፋል፣ ሰዓታቸው እንዲታይ። ዞንም ወረዳም አዲስ ነበር፣ በየሳምንቱ አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ሰዓት ነበር። ሰዓት ያላሰረ ሰው ቀጠሮ እንደሌለው ሰው ነበር የሚቆጠረው።

እኔ በዚያ ጃንጥላ ሥር ቆሜ ለመምረጥ ብዙ ቆየሁ። ሻጩ ወርቃማ፣ እንደ አምባር የቀጠነ ሰዓት ያወጣልኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። «እህቴ፣ ሴት ልጅ ወርቃማ ነው የሚያምርባት» አለኝ። «ለማማር አይደለም፣ ለሥራ ነው።» «ሥራሽ ምንድን ነው?» «ሰዓት ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጥቁር የፕላስቲክ ሰዓት አወጣ፤ ቁጥር የሚጽፍ፣ ሰኮንዱ ሳይቀር የሚታይ። በአሥራ አምስት ብር ወሰድኩት።

ሥራዬ ሰዓት ነው ያልኩት እውነቴን ነው። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው ዜና ሊጀምር ሲል የሚያሰማውን ምልክት ጠብቄ ሰዓቴን አስተካክልና ወደ ትምህርት ቤት እወጣለሁ። ደወላችን ያረጀ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር፤ ቢሮው ፊት ካለው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል። ሁለት ሰዓት ላይ እመታዋለሁ። ሁለት ከአሥር ሲል የመምህራኑን የፊርማ መዝገብ እከፍትና ከመጨረሻው ፈራሚ ሥር በማስመሪያ ቀይ መስመር አሰምራለሁ። ከመስመሩ በላይ የፈረመ በሰዓቱ ገብቷል፤ ከመስመሩ በታች የፈረመ ዘግይቷል፣ ስሙም በስብሰባ ይነሳል። ቲቸሮቹ «ቀይ መስመር» የሚል ስም አወጡልኝ። «ቀይ መስመር እስክሪብቶ አወጣች፣ ሩጡ!» ይባላል፣ ትልልቅ ሰዎች ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ሜዳውን ሲያቋርጡ አያለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም። ማስተማሪያ ዲፕሎማ አልነበረኝም፤ በዚያች ማስመሪያ ግን ሁሉም እኩል ያከብሩኝ ነበር።

ከአንድ ሰው በቀር። አቶ ሳሙኤል የወርቅ ቅብ ሰዓት ነበረው፤ ወንድሙ ከውጭ ያመጣለት፣ እጅ ሲወዛወዝ ራሱ የሚሞላ። ጠዋት መነሳት ግን አይሆንለትም። አንድ ቀን ሁለት ከሃያ ላይ ገባና መዝገቡን አየ፣ መስመሩ ተሰምሯል። «ወይዘሮ አስቴር፣ ምነው ቸኮልሽ? በእኔ ሰዓት ገና ሁለትም አልሞላም» አለና፣ ከመስመሩ በላይ በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ ፊርማውን ጨመቃት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሰዓቱን ሆን ብሎ ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ እንዳደረገው ለማወቅ ሳምንት አልፈጀብኝም። ሌላው ሰው እንዳይዘገይ ሰዓቱን አምስት ደቂቃ ያስቀድማል፤ እሱ መዘግየቱ እንዳይታወቅበት ወደ ኋላ መለሰው። ብቻውን ሲሆን ጠብቄ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል መሰለኝ፣ በሬዲዮ ላስተካክልልዎት?» አልኩት። በትሕትና ነበር ያልኩት። እሱ ግን ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል አስከትሎኝ ገባና እጄን ከፍ አድርጎ ያዘ። «እዩልኝ! ይህን ፕላስቲክ ነው ከእኔ ሰዓት ጋር የምታወዳድረው። ይሄ እኮ ሳሙና ስትገዙ በነጻ የሚሰጣችሁ ነው!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ማርታም ሳቀች። እጄን ሲለቀው የጣቶቹ ምልክት ቀርቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ መምህራኑ አዋጥተው ጫሞ ሐይቅን ልናይ ተነሳን። አሥር መምህራንና እኔ። ከሶዶ ስንወጣ ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር፤ ሁምቦ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለንና ሹራብ ማውለቅ ጀመርን። የስፖርት መምህሩ ዳዊት መኪናው ውስጥ ቆሞ ያስዘምራል። ማርታ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ አትሂጂ ብሏት ነበር። «ልጄ ከመምጣቱ በፊት ጀልባ ልይ፣ ከመጣማ በኋላ የት አባቴ እሄዳለሁ?» ብላው መጣች። አርባ ምንጭ አደርን፣ አሳ በላን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ነበርን። ውኃው እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ተኝቷል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ የተጣላሁትን ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ረሳሁ።

ጀልባ ነጂው ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነበር። ዳዊት ገና ሲያየው «ካፒቴን» አለው፣ ሁላችንም ካፒቴን አልነው። «አዞውን እናያለን፣ ጉማሬውን እናያለን፣ ከዚያ ማዶ ወርዳችሁ ትበላላችሁ» አለን። «አምስት ተኩል ሲል ግን ከማዶው መነሳት አለብን። ስድስት ሰዓት ካለፈ ነፋሱ ይነሳል፤ ይቺ ጀልባ ነፋስ አትችልም።»

«በማን ሰዓት? በአንተ?» አለ ዳዊት።

«እኔ ሰዓት ማሰር ትቻለሁ። ሳስር ሰው ሁሉ ሰዓታችንን በላህብን እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር። አሁን እናንተው አንድ ሰዓት ምረጡ። እሱ ሲል እንነሳለን፣ ጭቅጭቅ የለም።»

ከአሥራ አንዳችን ሰባታችን ሰዓት አስረን ነበር። እጃችንን ወደ መሃል ዘረጋን። የማርታ ቆሞ ዓመት አልፎታል፣ ለጌጥ ነው የምታስረው። የዳዊት ሰባት ደቂቃ ይቀድማል። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊው በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶት ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ሌሎቹም እንደየባለቤታቸው ነበሩ። ዳዊት እያንዳንዱን እጅ እየያዘ «ይሄ ያረፈደ ነው፣ ይሄ የቸኮለ ነው፣ ይሄኛውማ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር» ይላል፤ ካፒቴኑ እንኳ ፈገግ አለ። የእኔ ጋ ሲደርስ «ቀይ መስመር እያለችልን ምን እንመርጣለን?» አለ። ወዲያው አቶ ሳሙኤል የታጠፈ እጅጌውን ቀስ ብሎ ይበልጥ ወደ ላይ ሰበሰበ። ወርቁ በፀሐይ በራ። «እሱማ… የአለቃ ሰዓት እያለ» አለ ዳዊት። አንዱ «በምክትላችን ሰዓት!» ብሎ አጨበጨበ፣ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

አቶ ሳሙኤል ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ትዝ እንዳለው በፊቱ ላይ አየሁ። «የእኔ ወደ ኋላ ቀርቷል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አላለም።

እኔም አላልኩም። ይህን ቃል ለመጻፍ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። የእኔ ሰዓት ልክ እንደነበረ ሁልጊዜ በልቤ ስከራከር ኖሬአለሁ፤ ልክ እንደነበረ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ግን ለራሴም አልነግረውም ነበር። ፈርቼ አይደለም። ይዋረድ ብዬ ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ በሁሉም ፊት ይገለጥበት፣ ያኔ እኔ እጄን ከፍ አድርጌ ፕላስቲኬን አሳየዋለሁ ብዬ ነበር። ነፋሱን ሰው የሚያጋንነው ነገር አድርጌ ነበር ያሰብኩት።

አዞዎቹን አየን፤ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ነበር። ማዶ ወርደን ያሳደርነውን ዶሮ ወጥ በላን፣ ተዘመረ፣ ፎቶ ተነሳን። ካፒቴኑ ውኃውን ሲያይ ቆይቶ መጣና «ሰዓቱ አልደረሰም?» አለ። አቶ ሳሙኤል እጁን ዘረጋለት። «አምስት ከአምስት ነው። ገና ሃያ አምስት ደቂቃ አለን። ቁጭ በልና ብላ፣ ካፒቴን።» ካፒቴኑ ሰማዩን አየ፣ የወርቁን ሰዓት አየ፣ ተቀመጠ። የእኔ ሰዓት አምስት ሰዓት ከሠላሳ ይላል። ለፀሐይ ብዬ የደረብኩትን ነጠላ ሳብ አደረግሁና እጄን ሸፈንኩት።

ስንነሳ ስድስት ሰዓት ሞልቶ ነበር። ነፋሱ መሃል ሐይቅ ላይ ያዘን። ያን ሁሉ ውኃ ማን እንዳስቆጣው አላውቅም፤ ማዕበሉ ከጀልባው ጎን ተነስቶ ጭናችን ላይ ያርፋል። «ወደ መሃል ተጠጉ! አትቁሙ! ውኃውን ቅዱ!» ይጮሃል ካፒቴኑ። በዶሮው ድስት ቀዳን፣ በሳህን ቀዳን፣ አቶ ሳሙኤል ጫማውን አውልቆ በጫማው ይቀዳ ነበር። ከሁላችን በላይ የቀዳው እሱ ነው፤ ይህንንም አልክድበትም። ማርታ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እኔን ይዛለች፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር «ጌታ ሆይ፣ ልጄን፣ ልጄን» ትላለች። አጥብቃ ስትይዘኝ የሰዓቴ ማሰሪያ ተበጠሰና እግራችን ሥር ባለው ውኃ ውስጥ ገባ። አጎንብሼ አልፈለግሁትም። ሆዷ ውስጥ ያለችው ልጅ ብትተርፍ፣ ማንም ምንም ቢለኝ አንድ ቃል አልመልስም ብዬ ተሳልኩ፤ እንዲህ ያለ ስለት ምን ይረባል አትበሉኝ፣ የመጣልኝ እሱ ነው።

ካፒቴኑ ጀልባዋን ወደማናውቀው ዳርቻ አዞራትና ደንገል ውስጥ ሰካት። ወገብ በሚደርስ ውኃ ወጣን፤ ማርታን ዳዊትና አቶ ሳሙኤል ተሸክመው አወጧት። መሬት ስንነካ ካፒቴኑ ዞረብን። «የማን ሰዓት ነበር? የማን ሰዓት ነው የነገራችሁኝ?» ከዚያ አቶ ሳሙኤል እርጥብ እጁን አነሳና ወደ እኔ ጠቆመ። «ሰዓት መከታተል የእሷ ሥራ ነው» አለ። «ሰዓት ጠባቂያችን እሷ ናት።»

በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር የሚያልቀው በግምገማ ነበር። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ተሰበሰብን። «ሰዓት የመቆጣጠር ኃላፊነት የማን ነው?» ተባለ። የእኔ ነው። «ወይዘሮ አስቴር ግለ ሂስ ታድርግ» ተባለ። ክፍሉን ዞሬ አየሁ። አሥሩም የጀልባው ሰዎች ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ብዬ ጠበቅሁ። ራሴ እንዳልናገር፣ የእሱ ሰዓት ወደ ኋላ ነበር ባልኩ ማግስት «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» መባሉ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው የታሰርኩት። «አጥፍቻለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። መዝገቡንና ቀይ እስክሪብቶውን አስረከብኩ፣ ደወሉ ለጥበቃው ተሰጠ፣ እኔ የመጻሕፍት መጋዘን ተመደብኩ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ነበርኩ። ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ጠገንኩ፤ ስጠግናቸው ደግሞ አነበብኳቸው፣ ከዳር እስከ ዳር። ዛሬ እንዲህ ቁጭ ብዬ የምጽፈው በዚያ መጋዘን ውስጥ ባገኘሁት ነው። ይህን ለማመስገን ግን ገና አልደረስኩም።

ያን እሁድ ማርታ ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ምህረት ጥቁር ካባዋን ለብሳ ከእንግዳ እንግዳ ትሮጣለች፤ ረጅም፣ ጥርሷ የሚያምር ልጅ ናት። ያቺ ልጅ ናት፣ በእናቷ ሆድ ሆና ከደንገሉ የወጣችው። ዳዊት ጸጉሩ ሸብቶ፣ ሆዱ ወጥቶ መጣና አቀፈኝ። አቶ ሳሙኤል በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ሰውነቱ አልቋል። «ሳሮ፣ አስቴር» አለኝ፣ በቋንቋችን ሰላም ነሽ ማለቱ ነው። «ሳሮ» ብዬ አለፍኩ።

ጓዳ ገባሁ። ማርታ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ዳታውን፣ ያን የሚያቃጥል ማባያችንን፣ በትንንሽ ሳህን ትከፋፍላለች። ማንኪያ አንስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ማርታ፣ ያን ቀን የሱ ሰዓት ወደ ኋላ እንደነበረ አውቅ ነበር።»

«እ?» አለች፤ ማንኪያዋን አላቆመችም።

«እያወቅሁ ዝም አልኩ እያልኩሽ ነው። አንቺ ሆድሽን ይዘሽ እዚያ—»

«አስቴር፣ ያን ሰዓት የማያውቅ ማን ነበር?»

«ምን?»

«ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር እኮ። ዳዊት በየጠዋቱ ‹የምክትላችን ፀሐይ ገና አልወጣችም› እያለ ያስቀን ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ስናጨበጭብም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አትናገሪም? ነፍሰ ጡር ሆነሽ?»

«እንዴት ብዬ? በማናውቀው ሰው ፊት አለቃን ሰዓትዎ ውሸት ነው ይባላል? አንዱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር። ቀይ መስመር አይደለሽም እንዴ!»

ሊያስቀን ይችል ነበር፤ አልሳቅንም። «ግምገማው ላይስ?» አልኳት። ማንኪያውን አስቀመጠች። ጣቶቿ ቀይ ነበሩ። «ግምገማው ላይ አፈርኩ» አለች። «አንቺ አጥፍቻለሁ ስትዪ… ተገላገልኩ። ሁላችንም የተገላገልን ይመስለኛል።»

ምን እንደተሰማኝ በደንብ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ድስቱን ልገለብጠው ነበር። ብቻዬን ያደረግሁት ይመስለኝ የነበረውን ነገር አሥር ሰው ከእኔ ጋር አድርጎታል፤ ቅጣቱን ግን ብቻዬን ነው የበላሁት። ቀጥሎ ግን ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ቀለለኝ። ክፉ ሴት ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት፤ ለካ ከሌሎቹ የባስኩ አይደለሁም።

«ጓዳ ውስጥ ያልሽው አይበቃኝም» አልኳት። «ስሜን የሚያነሳው ውጪ ያለው ሰው ነው።»

«ዛሬ? በልጄ ምርቃት?»

«ዛሬ። ልጅሽ ያኔም አብራን ነበረች።»

ቀይ ጣቶቿን ጠረገች። ከዚያ ተነሳች፤ የዳታውን ሳህን እንደያዘች ወደ ድንኳኑ ወጣች፣ እኔም ከኋላዋ። እንግዶቹ የምርቃት ንግግር ነው ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «ምህረት የተወለደችው ከሐይቅ ተርፋ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አለች። «በአስቴር ጥፋት ነው ሲባል ሰምታችኋል። አይደለም። የአስቴር ሰዓት ልክ ነበር። እኛ ልክ ያልሆነውን መረጥን፣ ልክ እንዳልሆነ እያወቅን መረጥን፣ ከዚያ በእሷ ላይ ጥለን ዝም አልን። እኔ አውቅ ነበር።» ሳህኑን የምታስቀምጥበት አጥታ ቆመች። ከኋላ ዳዊት እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «እኔም አውቅ ነበር» አለ። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «እኔም» አለች።

አቶ ሳሙኤል ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «እኔ ደግሞ» አለ፣ «ከሁላችሁም በፊት አውቅ ነበር።»

አንዱ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። አቶ ሳሙኤል ወደ እኔ መጣ፤ ያቺን አሥር እርምጃ ለመምጣት ብዙ ፈጀበት፣ ማንም አልደገፈውም። «አስቴር፣ ከደንገሉ ጀምሮ በደልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ሰዉ እንድስመው ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ እንባ ይመጣል፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል፣ ወጥ ይወጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የእኔን መናገር ነበረብኝ። «እኔም አውቅ ነበር» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ዝም ያልኩት እርስዎን ላዋርድ ብዬ ነው። አምስት ተኩል ሲል እጄን በነጠላ ሸፈንኩት።» ማርታን ሳያት እያለቀሰች ነበር። «ይቅርታውን ግን አስብበታለሁ።»

«እንደዚያ ከሆነ» አለ አቶ ሳሙኤል፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ «እኔም ላስብበት።»

ያኔ ድንኳኑ ሳቀ፤ እኔም አመለጠኝ። ምህረት ካባዋን እየጎተተች መሃላችን ገባችና «እትዬ፣ እስከ መቼ ነው የምታስቡት?» አለች። «እስከ ጊፋታ» አልኳት።

ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ መስከረም ላይ ይገባል። በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይታለፍም፤ የተጣላ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል፣ ከአንድ ገበታም ይበላል። ስንት ጊፋታ ቂሜን ይዤ እንዳለፍኩ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ ሲመጡብኝ ከማን ጋር ተጣላሁና እያልኩ እመልሳቸው ነበር። አሁን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ስገባ ድንች የምትሸጠዋ ሴት ወሬዋን አላቋረጠችም፤ «እትዬ አስቴር፣ እውነት ነው እንዴ የሰማሁት?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። የእኔን ጥፋትም ሳልቆርጥ ነገርኳት። ዳዊት ሁለት ጊዜ ደውሎ «ቀይ መስመር፣ አስበሽ ጨረስሽ?» ብሎኛል። አልጨረስኩም ብያለሁ።

ለበዓሉ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ቅቤ ገዝቼ አነጥርና በቅቤ ማሰሮዬ ላይ እጨምራለሁ። ዘንድሮ የያዝኩት ከአምናው በአንድ ሰው ድርሻ ይበልጣል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። እሱም ገና እያሰበ ነው፤ ያስብ።